የጊታር ስፋትና የጆሮ ጥበት

በጊታር ተጫዋቾች መካከል እንደ ሃይማኖት ቃል የሚነገር አንድ አባባል አለ፤ «ትልቁ እውነተኛው ነው፣ ትንሹ ምትኩ ነው» ይላል። ነገሩ የሚነሣው ስለ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ሁሉ አይደለም። ውስጣቸው በከፊል ባዶ በከፊልም ድፍን ስለሆኑት፣ «ሰሚ ሆሎው» በሚል የእንግሊዝኛ ስም ስለምናውቃቸው ጊታሮች ነው። የእነዚህ አባት ተደርጎ የሚቆጠረው የአሜሪካው የጊብሰን ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ያወጣው ኢ.ኤስ. 335 ሲሆን፣ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ወርዱ ከታችኛው ሆዱ ላይ ሲለካ 16 ኢንች፣ ማለትም ከ40 ሴንቲ ሜትር በጥቂቱ የሚበልጥ ነው። ይኸው ፋብሪካ በ2007 ኢ.ኤስ. 339 የሚል ስም የሰጠውን ታናሽ ወንድሙን ለገበያ አቀረበ። የታናሹ ወርድ 14 ኢንች ገደማ ነው። ሁለቱ የተሠሩበት እንጨትና የአሠራራቸው ዘዴ አንድ ዓይነት ነው፤ የአውታራቸው ርዝመትም አንድ ነው። ልዩነቱ ሁለት ኢንች ነው። በዚህች ሁለት ኢንች ምክንያት የተነሣው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልበረደም።

ክርክሩ ስለ እንጨት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአናጺዎች ትተንላቸው ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን አባባሉ ሰው ይጎዳል። ቁመቷ አጠር ያለ ተጫዋች ቀኝ ክንዷን በሰፊው ሆድ ላይ አሻግራ አውታሩን ለመድረስ ስትታገል፣ ወይም ትከሻውን የሚያመው አንጋፋ ሙዚቀኛ በሰርግ መድረክ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሞ ለመጫወት ሲቸገር፣ ትንሹን ጊታር መምረጥ የአእምሮ ሥራ እንጂ የሽንፈት ምልክት መሆን አልነበረበትም። የትልቁ ጊታር ጠበቆች ግን «አይ፣ ካልቻልክ እንግዲህ ምን ይደረጋል» በሚል የሐዘኔታ ድምፅ ያሰናብቱታል። ሰውየውም ጊታሩን ይገዛና ሲያፍርበት ይኖራል። በገዛ መሣሪያው የሚያፍር ሙዚቀኛ ደግሞ በሙሉ ልቡ ሊጫወት አይችልም። ስለዚህ አባባሉን ከሥሩ መመርመር ይገባናል።

በመጀመሪያ ይህ 16 ኢንች የሚሉት ስፋት ከየት መጣ ብለን እንጠይቅ። የ335 ፈጣሪዎች ድምፅ ሲመረምሩ ቆይተው ያገኙት ቁጥር ይመስላችኋልን? አይደለም። ጊብሰን በ1922 ኤል-5 የተባለውን ጊታር ሲያወጣ ወርዱ 16 ኢንች ነበር። ያ ጊታር ሆዱ ሙሉ በሙሉ ባዶ፣ ፊቱ እንደ ቫዮሊን የተቀረጸ፣ በኤፍ ፊደል ቅርጽ የተቦረቦሩ ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት ነበር። የዚያን ጊዜ ጊታር ተጫዋች ያለ ኤሌክትሪክ እርዳታ በመለከትና በከበሮ መካከል ተቀምጦ መሰማት ነበረበት። ድምፁን የሚያጎላለት በሆዱ ውስጥ ያለው አየርና የፊቱ እንጨት ብቻ ነበር። ስለዚህ ስፋት ማለት ጉልበት ማለት ነበር። በ1930ዎቹ ኤል-5 ራሱ ወደ 17 ኢንች ሰፋ፤ በ1934 የወጣው ሱፐር 400 ደግሞ 18 ኢንች ደረሰ። እሽቅድምድሙ ትርጉም ነበረው፤ ኦርኬስትራው በጮኸ ቁጥር የጊታሩም ሆድ መስፋት ነበረበትና።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በገናና ክራር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሁለት ምሰሶ፣ አንድ ቀንበርና የድምፅ ሣጥን አላቸው። በገናው ግን ትልቅ ነው፤ አሥሩ አውታሮቹም ረጃጅምና ወፋፍራም ናቸው። ከዚያ ትልቅ አካል የሚወጣውን ነዛሪ፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ የሚመስለውን ድምፅ ከክራር ልታወጡት አትችሉም። በዚያ ቤት ትልቅነት ራሱ ድምፅ ነው። ሆኖም ክራርን «ምትክ በገና» ብሎ የጠራ ሰው ሰምተን አናውቅም። እያንዳንዱ ለየራሱ ጉዳይ የቆመ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የትልቁ ጊታር ጠበቆች ስሕተት የሚጀምረው የበገናን ሕግ የበገና አሠራር በሌለው መሣሪያ ላይ ሲጭኑት ነው።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ሕጉ ተለወጠ። ጊብሰን በ1936 ኢ.ኤስ. 150ን አወጣ፤ ቻርሊ ክሪስቺያን ያን ጊታር ይዞ የጃዝ ጊታርን ከአጃቢነት ወደ ብቸኛ ተናጋሪነት ከፍ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ጉልበቱ የሚመጣው ከአምፕሊፋየሩ ሆነ። ያ ቀድሞ ሀብት የነበረው አየር ደግሞ ዕዳ ሆነ። ምክንያቱም ድምፁ ከፍ ሲል ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ሞገድ ተመልሶ የጊታሩን ሆድ ይንጠዋል፤ ሆዱ አውታሩን ይንጣል፤ አውታሩ እንደገና ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል፤ ዙሩም እየከረረ ሄዶ ጆሮ የሚበጣ ጩኸት ይሆናል። ፊድባክ የምንለው ይህንኑ ነው።

ለዚህ ችግር ከቀረቡት መልሶች አንዱ የሌስ ፖል ነው። ይህ ሰው በ1940 አካባቢ ኒው ዮርክ ውስጥ በኢፒፎን ፋብሪካ አራት ኢንች በአራት ኢንች የሆነ የጥድ ግንድ ወስዶ አንገትና አውታር፣ ፒክአፕም ገጠመለት። «ግንዱ» ብሎ ጠራው። ድምፁ ንጹሕ ነበር፤ ጩኸቱም ጠፋ። ነገር ግን ራሱ ደጋግሞ እንደተረከው፣ ግንዱን ይዞ በሰው ፊት ሲጫወት አድማጮቹ አልተቀበሉትም። ስለዚህ የአንድ ተራ ጊታር ሆድ ለሁለት ሰንጥቆ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ለጠፈለት። ያን ጊዜ ወደዱት። ልብ በሉ! ግንዱ ያው ግንድ፣ ፒክአፑም ያው ፒክአፕ ነበር። ክንፎቹ የተጨመሩት ለዐይን ነው።

የ1958ቱ ኢ.ኤስ. 335 የዚህ ሐሳብ የተዋበ ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ ጊብሰንን ይመራ የነበረው ቴድ ማካርቲ የፈለገው በድፍኑና በባዶው ጊታር መካከል የሚቆም መሣሪያ ነበር። ፊቱና ጀርባው ከተደራረበ የሜፕል እንጨት፣ አናጺዎቻችን ኮምፔንሳቶ ከሚሉት ዓይነት የተሠራ ነው። በመካከሉ ከላይ እስከ ታች ድፍን የሜፕል ግንድ ያልፋል። ሁለቱም ፒክአፖች የሚያርፉት በዚህ ግንድ ላይ ነው። ብሪጁም፣ በክራር ቋንቋ በርኩማው፣ የተተከለው በዚሁ ግንድ ላይ ነው። ባዶ ሆነው የቀሩት ግራና ቀኝ ያሉት ክንፎች ብቻ ናቸው። ግንዱ የገባውም ሆን ተብሎ የአየሩን ሥልጣን ለመቀነስ ነው። እንግዲህ ዛሬ «የ335 ነፍስ አየሩ ነው» የሚሉን ሰዎች የቆሙት በዚያው ግንድ ላይ ነው። በማን ላይ ቆመሽ እግዜርን ታሚያለሽ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ማስረጃ ቢያስፈልግ ከቢ.ቢ. ኪንግ የሚበልጥ ምስክር ከየት ይመጣል? በዓለም ዙሪያ ትልቁን ሰሚ ሆሎው ጊታር በስሙ ያስከበረው እርሱ ነው፤ ሉሲል ብሎ የጠራቸው ጊታሮቹ ለረጅም ዘመን የዚሁ ቤተሰብ ታላቅ የሆነው ኢ.ኤስ. 355 ነበሩ። ይህ ሰው ጩኸቱን ለማስቆም በኤፍ ቀዳዳዎቹ ጨርቅ ይወትፍ ነበር። ጊብሰን በ1980 በስሙ የሠራለት ጊታር ደግሞ ጭራሽ ቀዳዳ የለውም፤ ፊቱ ድፍን ነው። የዚህ ጊታር ትልቁ አዋቂ አየሩን ዝም ለማሰኘት ያን ያህል ከደከመ፣ እኛ በሁለት ኢንች አየር መጉደል ምክንያት ሙሾ የምናወርደው ስለ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ «ታዲያ እንጨቱ ምንም አይሠራም ልትለን ነው?» የሚል ይኖራል። እንዲህ አላልንም። ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ አውታር በላዩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ በሽቦውም ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይወለዳል። ፒክአፑ የሚሰማው አውታሩን እንጂ በሆዱ ውስጥ ያለውን አየር አይደለም። ነገር ግን የጊታሩ አካል ከአውታሩ ጉልበት ይወስዳል፤ ጥቂቱንም ይመልስለታል። ስለዚህ አንዱ ኖታ ረዝሞ እንዲቆይ፣ ሌላው ቶሎ እንዲጠፋ ያደርጋል። ትልቅ እንስራን ቢመቱት ወፍራም፣ ትንሽ ገንቦን ቢመቱት ቀጠን ያለ ድምፅ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የትንሹ ጊታር ክንፎችም የሚያስተጋቡት ከትልቁ ከፍ ባለ ድምፅ ነው። ወርዱ ከ16 ወደ 14 ሲወርድ የፊቱ ስፋት ሩብ ያህል ይቀንሳል። የመካከሉ ግንድ ግን ፒክአፖቹ የሚያርፉበት ስለሆነ እምብዛም ሊጠብ አይችልም፤ ስለዚህ የባዶው ክፍል ቅናሽ ከሩብም ይበልጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ውጤቱም ይሰማል። የትንሹ ጊታር ወፍራም ድምፆች ጠበቅ ያሉ ናቸው፤ በከፍተኛ ድምፅም ሲጫወቱት ቶሎ አይጮኽም። ግን ይህ ጉድለት ነው ያለው ማን ነው? ከበሮና ቤዝ ባለበት ባንድ ውስጥ ከባሱ ጋር የማይጋፋ ጊታር በረከት ነው።

አየሩን ከልቡ የሚወድ ደግሞ የሚሄድበት ቤት አለው። ጊብሰን በ1959 ኢ.ኤስ. 330ን አወጣ፤ ከውጭ ሲያዩት የ335 መንትያ ነው፤ ውስጡ ግን ግንድ የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው። የኢፒፎኑ ካዚኖም በ1961 የወጣው በዚሁ አሠራር ነው። «የእውነተኛ ድምፅ» ጠበቆች በእርግጥ የሚሟገቱት ለአየር ቢሆን ኖሮ 335ን ትተው እነዚህን በያዙ ነበር። አብዛኞቹ ግን አይዙም፤ ምክንያቱም ይጮኻል! የሚፈልጉት የባዶውን ጊታር መልክ ከድፍኑ ጊታር ጨዋነት ጋር ነው። መፈለጋቸው ነውር አይደለም፤ ነውሩ ምርጫቸውን የሃይማኖት ሥርዓት አድርገው ሌላውን መናፍቅ ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታ «ትንሹ መጫወቻ ይመስላል» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የካቲት 1964 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ቢያስታውሱ መልካም ነው። ቢትልስ በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቷቸዋል። በዚያ ምሽት ጆን ሌነን የያዘው በ1960 ሐምቡርግ ውስጥ የገዛውን ሪከንባከር 325 ነበር። ይህ ጊታር ውስጡ በከፊል የተቦረቦረ፣ ሆዱ እጅግ የጠበበ፣ የአውታሩም ርዝመት ከ21 ኢንች ያነሰ ነው፤ የ335 አውታር ግን ወደ 25 ኢንች ይጠጋል። ዛሬ 339ን «ትንሽ ነው» ብለን ስንንቅ፣ ያን ዘመን የቀየረው ጊታር ከ339ም የባሰ ትንሽ እንደነበር ዘንግተናል። ሌነን በኋላ በ1966 ሰፊውን ካዚኖ ያዘ፤ ወደደውም። በሁለቱም ታላቅ ሥራ ሠራ። በመካከላቸው «ምትክ» እና «እውነተኛ» የሚባል አጥር አላቆመም።

ለትልቁም ቢሆን የሚገባውን ክብር መንፈግ አይገባም። ቤት ውስጥ ያለ አምፕሊፋየር ሲጫወቱት ትልቁ ሞላ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ሌሊት ለሚለማመድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከአምፕሊፋየሩ ፊት ቆሞ ፊድባክን እንደ ተጨማሪ እጅ ለሚጠቀምበት ተጫዋች ደግሞ ሰፊዎቹ ክንፎች ታዛዥ አገልጋዮች ናቸው። ረጅምና ትከሻ ሰፊ ለሆነ ሰው 16 ኢንች ክንዱን በምቾት የሚያሳርፍበት ነው። ላሪ ካርልተን «ሚስተር 335» የሚል ስም ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ በ1976 ከስቲሊ ዳን ጋር በቀረጸው ሥራ ያን ጊታር እንዴት እንዳናገረው የሰማ ሁሉ ያውቃል። ግን ያ ድምፅ ወደ እኛ የደረሰው በጣቶቹ፣ በፒክአፑ፣ በትንሹ አምፕሊፋየሩና በማይክሮፎኑ አልፎ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ለይቶ «ይህቺ የሁለቱ ኢንች ድርሻ ናት» ሊል የሚደፍር ማን ነው?

ትችታችን ለሻጮችም ይድረስ። እነርሱ ደግሞ በተቃራኒው «ትንሹ ያው 335 ነው፤ ልዩነቱ ቀላልና ምቹ መሆኑ ብቻ ነው» ይሉናል። ይህም ልክ አይደለም። ከላይ እንዳየነው ክንፎቹ ሲጠቡ ድምፁ በጥቂቱም ቢሆን ይለወጣል። ክብደቱን በተመለከተ ደግሞ የሰሚ ሆሎው ጊታር ሸክም በአመዛኙ ያለው በመካከሉ ግንድ ነው፤ ግንዱ ካልቀለለ ክንፎቹን መከርከም ገዢው የጠበቀውን ያህል አያቀልለውም። ትከሻውን የሚያመው ሰው የሁለቱን ስም ሳይሆን ሚዛኑን ጠይቆ፣ አንጠልጥሎ ቆሞ ሞክሮ ቢገዛ ይሻለዋል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል።

የክርክሩ ትልቁ ጉድለት ግን ሰዎች የሚያነጻጽሩት ስፋትን ብቻ አለመሆኑ ነው። በ1996 የወጣው ኢ.ኤስ. 336 ትንሽ በመሆኑ ብዙዎች ከ335 ጋር አነጻጽረው ፈርደውበታል። ነገር ግን የ336 አካል የኮምፔንሳቶ ሥራ አይደለም፤ ከድፍን የማሆጋኒ እንጨት ተቦርቡሮ የወጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ 339ዎች ደግሞ የድምፅ መቀነሻቸው ሲዞር ቀጫጭኑን ድምፅ እንዳያጠፋ ተደርጎ የተሠራ የተለየ የሽቦ አዘረጋግ ነበራቸው። ስለዚህ በ2007 ሁለቱን ጊታሮች ሰምቶ «ትንሹ ብሩህ ነው፣ ትልቁ ሞቅ ያለ ነው» ብሎ የፈረደ ሰው የሰማው ስፋትን ይሁን ሽቦን አልለየም። ሁለት ነገር ተለውጦ ሳለ ፍርዱን ለአንዱ ብቻ መስጠት ተገቢ ሚዛን አይደለም። ፍርዱ ግን ከአፍ ወደ አፍ ተሻግሮ ዛሬ እንደ ተረጋገጠ እውነት ይጠቀሳል።

ይህ አምልኮ ከየት መጣ ቢባል፣ መልሱ ከታሪክ ነው። በ2004 የኤሪክ ክላፕተን የ1964 ኢ.ኤስ. 335 በክሪስቲስ የጨረታ ቤት በ847,500 ዶላር ተሸጠ። ያ ገንዘብ የተከፈለው ለሰውየው፣ ለዘመኑና ለተጫወታቸው ዜማዎች ነው እንጂ ለ16 ኢንች አይደለም። እኛ ግን የታላላቆቹን ታላቅነት ከእጃቸው አውርደን በእንጨቱ ስፋት ላይ እናኖረዋለን፤ ከዚያም ወጣቱን «ይህን ካልያዝክ እዚያ አትደርስም» እንለዋለን። ቢ.ቢ. ኪንግና ካርልተን ሰፊውን ጊታር ሲይዙ ታናሹ 339 ገና አልተሠራም ነበር። በገበያው ያልነበረውን አልመረጡም ብሎ ምስክር አድርጎ መጥራት ፍትሕ አይደለም።

ይህን ሁሉ በክርክር መፍታት ያቃተው ሰው ቀላል ፈተና አለው። አንድ ተጫዋች በአንድ አምፕሊፋየር፣ ተመሳሳይ አውታርና ተመሳሳይ ፒክአፕ ባላቸው በሁለቱ ጊታሮች፣ አንዱን ዜማ ከመጋረጃ ጀርባ ይጫወትለት። እርሱም ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጦ አሥር ጊዜ ትልቁን ከትንሹ ይለይ። ለይቶ የተሳካለት ጆሮውን ይመን፤ የወደደውንም ይግዛ፤ ማንም አይከለክለውም። መለየት ያልቻለ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ትንሹን ጊታር በያዘ ሙዚቀኛ ፊት የሐዘኔታ ፊቱን ይሰብስብ።

መሣሪያ የሚመረጠው ለሚይዘው ሰው አካል፣ ለሚጫወተው ሙዚቃና ለሚቆምበት መድረክ ነው። ትልቁ የሚመቸው ትልቁን ይያዝ፤ ትንሹ የሚመቻት ትንሹን ትያዝ። ሁለቱም የሚጠየቁት ስለተጫወቱት ዜማ ይሁን።